አደራ ተቀባዩ ተማሪ ቤት፤ በአስማተኞች ተማሪ ቤት ታሪኮች ላይ የቀረበ ትችት

ሰው ገንዘቡን ለጎረቤቱ አደራ ሲሰጥ ቈጥሮ ይሰጣል፤ ሲመለስለትም ቈጥሮ ይቀበላል። ልጁን ለተማሪ ቤት አደራ ሲሰጥ ግን የሚቈጥረው ነገር ስለሌለው በእምነት ብቻ ይሰጣል። ስለዚህ ከአደራ ሁሉ የልጅ አደራ ይከብዳል፤ አደራ በላ ከሚባሉትም ሁሉ የልጅን አደራ የበላ ሰው ይከፋል። ይህ ፍርድ በገሐዱ ዓለም ብቻ ሳይሆን በልብ ወለድ ታሪክም ውስጥ የሚጸና መሆኑን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው።

ካለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በእንግሊዝኛ ቋንቋ እጅግ የተወደደ አንድ ዐይነት ታሪክ አለ። ይኸውም አንድ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ አዳሪ ተማሪ ቤት ይሄዳል፤ በዚያም የሚማረው ሒሳብና ሰዋስው ሳይሆን አስማት ነው። ከእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ስሙ በዓለም የተሰማው ወይዘሮ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የደረሱት የሃሪ ፖተር ታሪክ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ በሎንዶን የታተመው በ1997 ሲሆን ሰባተኛውና የመጨረሻው የወጣው በ2007 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። ሃሪ የሚባለው ልጅ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ሆግዋርትስ ወደሚባለው በስኮትላንድ ወዳለው የግንብ ተማሪ ቤት ይጠራል፤ ሰባቱም መጻሕፍት በየዓመቱ የሚያገኘውን ይተርካሉ።

አስማትን በተረት ለልጅ ማሳየት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በየአገሩ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ የተባለበት ነው። እኛ ዛሬ የምንመረምረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። እነዚህን መጻሕፍት ያነበቡ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን፦ ይህ ተማሪ ቤት ልጆች በየዓመቱ ለሞት የሚቀርቡበት ነውና እንኳን ሊደነቅ ሊዘጋ የሚገባው ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ ነገሩ ተረት ነው፤ ከተረት ላይ የተማሪ ቤት ደንብ መጠየቅ ከወፍ ላይ ወተት መፈለግ ነው ሲል ይመልሳል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ግማሹን እውነት ይዘው ግማሹን ትተውታል።

አስቀድሞ የተረት እምነት ምን እንደ ሆነ መናገር ያስፈልጋል። ኮልሪጅ የተባለው የእንግሊዝ ባለቅኔ በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንባቢ ድንቅ ነገር በቅኔ ሲቀርብለት አለማመኑን በፈቃዱ ለጊዜው ያቆማል ብሎ ነበር። ጄ. አር. አር. ቶልኪን ግን በ1939 በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረጉት ንግግር፣ በኋላም በ1947 በታተመው ጽሑፋቸው፣ ይህ አነጋገር አይበቃም አሉ። እንደ እርሳቸው አስተያየት ደራሲ ሁለተኛ ዓለም ይሠራል፤ አንባቢም በአእምሮው ወደዚያ ይገባል። በዚያ ውስጥ የሚነገረው ነገር ከዚያው ዓለም ሕግ ጋር እስከ ተስማማ ድረስ እውነት ሆኖ ይታመናል። ሕጉ የፈረሰ ዕለት ግን አንባቢው ከደጅ ይወጣና ያን ዓለም እንደ ባዕድ ከውጭ ይመለከተዋል።

እንግዲህ ደራሲ የፈለገውን ሕግ ሊያወጣ ይችላል፤ መጥረጊያ ይበር፣ ሥዕል ይናገር፣ ደረጃ በየቀኑ ስፍራውን ይለውጥ ቢል አንባቢው እሺ ይላል። ነገር ግን በተረትም ቢሆን ሳይለወጥ የሚቀር አንድ ሕግ አለ፤ እርሱም የሰው ልብ ነው። ታሪኩ እናት አላት ብሎ ከተናገረ እናቲቱ እንደ እናት ልትፈራ ይገባታል፤ መምህር አለ ካለም መምህሩ እንደ መምህር ሊጠየቅ ይገባዋል። አንባቢ የሚበረውን መጥረጊያ ያምናል፤ ልጇ ከሚበረው መጥረጊያ ላይ ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር ምንም የማትጠይቅ እናት ግን አያምንም። ስለዚህ የልጆች ደኅንነትና የታሪኩ መታመን ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች የሚመስሉት ከሩቅ ነው፤ ቀርቦ ላያቸው ሥራቸው አንድ ነው።

የዚህ ዐይነቱ ታሪክ ከየት እንደ መጣ ማወቅም ለፍርዳችን ይረዳናል። ቶማስ ሂዩዝ በ1857 ያሳተሙት የቶም ብራውን የተማሪ ቤት ታሪክ ስለ ራግቢ ተማሪ ቤት የተጻፈ ነው፤ ዘመኑም ዶክተር ቶማስ አርኖልድ ከ1828 እስከ 1842 ያን ተማሪ ቤት ያስተዳደሩበት ነው። በዚያ መጽሐፍ ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን በብርድ ልብስ ወደ ላይ ይወረውሯቸዋል፤ ፍላሽማን የተባለው ጨካኝ ልጅም ቶምን በእሳት ፊት ይዞ ይጠብሰዋል። አንባቢ ይህን ያምናል፤ ስለ ምን ቢሉ ደራሲው ራሱ በዚያ የተማረ ነውና ያን የመሰለ ጭካኔ በጊዜው እንደ ነበረ ያውቃል። በኋላ የመጣው የአዳሪ ተማሪ ቤት ታሪክ ሁሉ ጨዋታውን፣ ቤት ለቤት መፎካከሩን፣ ጉልበተኛውን ልጅና የተከበረውን ዲሬክተር የወረሰው ከዚህ መጽሐፍና ከመሰሎቹ ነው።

ነገር ግን ታሪኩ ሲወራረስ የእንግሊዝ ሕግ በስፍራው አልቆመም። በ1893 አንድ መምህር በተማሪ ቤቱ ያስቀመጠው ፎስፎረስ በተማሪዎች እጅ ገብቶ አንድ ልጅ ስለ ተቃጠለ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹም የተማሪ ቤት መምህር ጠንቃቃ አባት ለልጆቹ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል ብለው ፈረዱ። በ1989 የወጣው የልጆች ሕግ የግል አዳሪ ተማሪ ቤቶችን ስለ ተማሪዎቻቸው ደኅንነት ተጠያቂ አደረጋቸው። በመጋቢት 1993 ከአንድ ተማሪ ቤት የመጡ አራት ወጣቶች በላይም ባሕረ ሰላጤ በታንኳ ሲሠለጥኑ ሞቱ፤ የማሠልጠኛው ኀላፊ ተፈርዶበት ታሰረ፤ በ1995ም ልጆችን ለእንዲህ ያለ ልምምድ የሚወስዱ ድርጅቶች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ታወጀ። ተማሪን በዱላ መቅጣትም በመንግሥት ተማሪ ቤቶች በ1987 ሲከለከል፣ በእንግሊዝ የግል ተማሪ ቤቶች የተከለከለው በ1999 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ሕግ ብዙ ጊዜ ከጥፋት በኋላ ይመጣል፤ ቢሆንም ይመጣል። የወይዘሮ ሮውሊንግ መጽሐፍ የወጣው እንግሊዝ አገር መለኪያውን በሚለውጥበት በዚያው ጊዜ ነው። ግንቡ የተሠራው በአሮጌው ተማሪ ቤት ድንጋይ ነው፤ የሚያነቡት ልጆች ግን በአዲሱ ሕግ ጥላ ሥር ያደጉ ናቸው። ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ወደ መጽሐፎቹ እንግባ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ዲሬክተሩ ዳምብልዶር የትምህርት ዓመቱ ሲከፈት ለተማሪዎቹ ሁሉ፣ በጭንቅ ሞት ለመሞት የማይፈልግ ሰው ወደ ሦስተኛው ፎቅ መተላለፊያ አይሂድ ብለው ያስታውቃሉ። ከዚያ በር በስተ ኋላ ሦስት ራስ ያለው ውሻ ታስሯል። በሩን ግን አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በተማረችው ቀላል ቃል ትከፍተዋለች። የፎስፎረሱን ፍርድ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የሚያስፈራውን ነገር ልጅ ከሚደርስበት ስፍራ ማኖር፣ ቍልፉንም ልጅ የሚከፍተው ማድረግ፣ ከዚያም ማስጠንቀቂያ ነግሬያለሁ ማለት ጠንቃቃ አባት የሚያደርገው ነገር አይደለም።

ከዚህም የሚብስ አለ። አራት ልጆች በሌሊት ከመኝታቸው ወጥተው በመገኘታቸው ይቀጣሉ። ቅጣቱም ለተማሪ ሁሉ ወደ ተከለከለው ጫካ በሌሊት መላክ ነው፤ እዚያም ብርቱዎቹን አንድ ቀንዶች የሚገድል ያልታወቀ ፍጥረት ይዞራል። አብሯቸው የሄደው ጠባቂው ሃግሪድ ቡድኑን ለሁለት ይከፍልና ሁለቱን ልጆች ከአንድ ፈሪ ውሻ ጋር ብቻ ይሰዳቸዋል። በሌሊት ወጣችሁ ተብለው የተከሰሱ ልጆች በሌሊት ወደ ከፋው ስፍራ ይላካሉ ማለት ነው። ከመምህራኑ አንድ እንኳ ይህ ቅጣት ከጥፋቱ ይልቅ የከፋ አይደለምን ብሎ አይጠይቅም።

ለደራሲዋ የሚቀርበው መከላከያ ቀላል አይደለምና በቅን ልንሰማው ይገባናል። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት የተጻፉት በሳቅ ስልት ነው። ኔቪል የሚባለው ልጅ ገና ሕፃን ሳለ አጎቱ አስማት እንዳለው ሊፈትነው ሲል ከላይኛው ፎቅ መስኮት ለቀቀው፤ ልጁም መሬት ሲደርስ እንደ ኳስ ነጠረ፤ ዘመዶቹም በደስታ አለቀሱ። በተማሪ ቤቱ ያለችው ሐኪም የተሰበረ አጥንት በደቂቃ ትጠግናለች፤ የጠፋ አጥንትም በአንድ ሌሊት ታበቅላለች። አካሉ እንዲህ የሚድን ሕዝብ አደጋን እንደ እኛ አለመፍራቱ የዓለሙ ሕግ ነውና ልንቀበለው ይገባል። ጂል መርፊ በ1974 ባወጡት የሰነፏ ጠንቋይ ተማሪ ታሪክም ልጅቱ ጓደኛዋን ወደ አሳማ ትለውጣለች፤ አንባቢው ግን አይሠቀቅም፤ ያ መጽሐፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሳቅ የጀመረውን በሳቅ ይፈጽማልና።

ሆኖም ይህ መከላከያ የሚሠራው ሞት ወደ ታሪኩ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው። አጥንት የምታበቅለው ሐኪም ሙት አታስነሣም። በ1998 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ፣ ከግንቡ ሥር የተደበቀ በዐይኑ የሚገድል እባብ ወጥቶ ተማሪዎችን አንድ በአንድ እንደ ድንጋይ ያደርቃቸዋል። ከኀምሳ ዓመት በፊትም ሚርትል የተባለች ተማሪ በዚሁ እባብ ሞታ ነበር። ያን ጊዜ የተደረገው ምንድን ነው ቢባል፣ ንጹሑ ሃግሪድ ከተማሪ ቤት ተባረረ፤ ለትክክለኛው ወንጀለኛ ሽልማት ተሰጠው፤ ነገሩም ተዳፈነ። ሁለተኛ ጊዜ በደረሰም ጊዜ ሚኒስትሩ አንድ ነገር እንዳደረጉ ለመታየት ያንኑ ሃግሪድን መልሰው ያስሩታል። ይህን ክፍል እኛ አንነቅፈውም፤ እንዲያውም በጣም የታመነ ነው። ስሙን ከልጅ ሕይወት አስበልጦ የሚጠብቅ ተማሪ ቤትና ለመታየት የሚያስር ሹም በየትም አገር ይገኛሉ። የምንነቅፈው ወላጆቹን ነው። ልጆቻቸው ደርቀው ለወራት ሲተኙ በገጹ ላይ የወላጆች ድምፅ እምብዛም አይሰማም። ውሻው ጅቡ ከሄደም በኋላ አልጮኸም።

በ1999 የወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ በዚህ ረገድ ከሁሉም የተሻለ ነው። ሉፒን የሚባሉት መምህር ደግና ዐዋቂ ናቸው፤ ነገር ግን በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ወደ ተኵላ ይለወጣሉ። ዲሬክተሩ ይህን ዐውቀው ቀጠሯቸው፤ መጠንቀቂያም አኖሩ፤ ይኸውም በየወሩ የሚጠጡት መድኀኒት ነው። አንድ ሌሊት ሉፒን መድኀኒቱን ሳይጠጡ ይረሱና በሦስት ልጆች ፊት ይለወጣሉ። በነጋታው ምስጢሩ ሲወጣ ሉፒን ማንም ሳያስገድዳቸው ሥራቸውን ይለቃሉ፤ የወላጆች ደብዳቤ እንደሚጐርፍ ይናገራሉ፤ ወላጆቹም እውነት እንዳላቸው ይመሰክራሉ። እዚህ ላይ የምንወደው ሰው የምንወደውን ሥራ ይተዋል፤ ሕጉም ጨካኝ አይደለም፤ እርሱም ክፉ አይደለም። አደራው ግን አደራ ነው። አንባቢ ልቡ የሚሰበረው ነገሩን ስለሚያምነው ነው። ደኅንነት ታሪክን ያደበዝዛል የሚሉ ሰዎች ይህን ክፍል ደግመው ያንብቡት፤ በሰባቱ መጻሕፍት ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ አሳዛኝ ስንብት ጥቂት ነው፤ የተገኘውም ከአንድ ያልተጠጣ መድኀኒትና ከወላጅ ፍርሃት ነው።

በ2000 የወጣው አራተኛው መጽሐፍ ግን ጥያቄውን ወደ ላይ አንሥቶ ሳይመልሰው ይሄዳል። ከብዙ ዘመን በፊት ተወዳዳሪዎች ስለ ሞቱበት የቀረ ውድድር እንደገና ይቋቋማል። ዐሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው እንዳይገባ ይደነገጋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የዐሥራ አራት ዓመቱ ሃሪ በተንኰል ስሙ በወጣ ጊዜ፣ ውሉ አይፈርስም ተብሎ እንዲወዳደር ይደረጋል። በሁለተኛውም ፈተና አራት ሰዎች እንቅልፍ ተጥሎባቸው ከሐይቅ በታች ይታሰራሉ፤ ከእነርሱም አንዲቱ ስምንት ዓመት የምትሆን ሕፃን ናት። በመጨረሻ ሴድሪክ ዲጎሪ የተባለው ተማሪ ይገደላል። ዲሬክተሩ በተማሪዎቹ ፊት ቆመው ሞቱን ሳይሸፋፍኑ ይናገራሉ፤ ይህም የሚመሰገን ነው፤ ሚኒስቴሩ ግን እውነቱን ይክዳል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ጥያቄ ወድቆ ይቀራል፤ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ሁሉ ይከራከራል፤ ልጆች በዚያ ውድድር ለምን ተሰለፉ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሐዘንተኛው አባት እንኳ ይህን አይጠይቅም።

የታሪኩ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው ብለን እናስባለን። ስሕተቱ ልጅ መሞቱ አይደለም፤ ልጅ በታሪክ ውስጥ ይሞታል፤ በዓለምም ይሞታል። ስሕተቱ በሳቅ ሕግ የተሠራውን ተማሪ ቤት ሳያድሱ የሐዘንን ሸክም ማስቀመጥ ነው። ከመስኮት ወድቆ በነጠረው ልጅ ከሣቅን በኋላ በሴድሪክ አስከሬን ላይ እንድናለቅስ እንጠየቃለን። ማልቀሱን እናለቅሳለን፤ ደራሲዋ ይህን ኀይል አላቸው። ዕንባችንን ጠርገን ዘወር ብለን ስናይ ግን የመጀመሪያው መጽሐፍ በሮች፣ ጫካውና ቅጣቱ ሁሉ ሌላ መልክ ይዘው እናገኛቸዋለን። ትናንት ያሣቀን ዛሬ ክስ ይሆናል። ሕጉን በመካከል የለወጠ ደራሲ በቀደሙት ገጾች ላይ ዕዳ ይጽፋል።

ደራሲዋ ከዚህ ዕዳ ጥቂቱን በ2003 በወጣው በአምስተኛው መጽሐፍ ከፍለዋል። ሃሪ በአክስቱ ቤት ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ቍምሳጥን ውስጥ እየተኛ ማደጉን፣ ተማሪ ቤቱም በላከው ደብዳቤ ላይ አድራሻውን ቍምሳጥኒቱን ብሎ መጻፉን የመጀመሪያው መጽሐፍ እንደ ቀልድ ነግሮን ነበር። እንግዲህ ዐውቀው ዝም አሉ ማለት ነው። በአምስተኛው መጽሐፍ ዳምብልዶር፣ ልጁ ከእናቱ ደም ጋር በተያያዘ ጥበቃ ሥር እንዲኖር ሲሉ መከራውን እያወቁ እዚያ እንዳኖሩት ይናዘዛሉ። ምክንያቱ ያሳምን አያሳምን፣ ታሪኩ ጥያቄውን በስሙ ጠርቶታል፤ አንድ ትልቅ ሰውም በልጅ ፊት መልስ ሰጥቷል። ይህ ለታሪኩ ዓለም እምነት ከብዙ አስማት ይልቅ ይጠቅመዋል።

በዚያው መጽሐፍ አምብሪጅ የምትባለው የሚኒስቴሩ ሹም ልጆችን የምትቀጣበት ብዕር አለ፤ ልጁ በወረቀት ላይ የሚጽፈው ቃል በእጁ ጀርባ ላይ ሥጋውን እየቀደደ ይጻፋል። ሃሪ ቍስሉን ይደብቃል፤ ጓደኞቹ ንገር ቢሉትም አሻፈረኝ ይላል፤ መናገር መሸነፍ ይመስለዋልና። ይህ ከሰባቱ መጻሕፍት እውነተኛው ገጽ ነው። እባቡም ውሻውም በዓለም የሉም፤ ፈገግ እያለች በደንብ ስም ልጅን የምታቈስል ሹም ግን አለች፤ ቍስሉን በእጅጌው የሚሸፍን ልጅም አለ። ለልጅ ከጫካ ይልቅ የሚያስፈራው በር ተዘግቶ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ብቻውን የሚቀርበት ክፍል መሆኑን ደራሲዋ ዐውቀዋል።

ሌሎች ደራሲዎች ይህን ነገር እንዴት እንደ ያዙት ብናመዛዝን ፍርዳችን ይጠራል። ኧርሱላ ለ ግዊን የተባሉት አሜሪካዊት በ1968 ባሳተሙት ስለ ምድረ ባሕር በተጻፈው ታሪክ፣ ጌድ የሚባል ፍየል ጠባቂ የነበረ ልጅ በሮክ ደሴት ወዳለው የጠቢባን ተማሪ ቤት ይገባል። ትዕቢተኛ ነበርና ከጓደኛው ጋር ተፎካክሮ በሌሊት የሙታንን መንፈስ ይጠራል፤ በተከፈተውም ስንጥቅ ጥላ የመሰለ ክፉ አውሬ ወጥቶ ፊቱን ይቦጭቀዋል። ያን ጊዜ የተማሪ ቤቱ የበላይ የሆኑት ሽማግሌ ነመርል መጥተው ስንጥቁን ይዘጋሉ፤ ኀይላቸውንም በዚያ ጨርሰው ይሞታሉ። ጌድ ብዙ ወራት ታሞ ይተኛል፤ ጠባሳው እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ከፊቱ አይጠፋም። በእነርሱ ስፍራ የተተኩትም መምህር አውሬው ሊገባበት በማይችል በተማሪ ቤቱ ቅጥር ውስጥ እንዲቈይ ይመክሩታል። አደጋው ከሆግዋርትስ አደጋ አያንስም። ልዩነቱ ዋጋው ነው፤ ለልጁ ጥፋት መጀመሪያ የከፈለው አደራ ተቀባዩ ነው። ስለዚህ ማንም የሮክ ተማሪ ቤት ይዘጋ አይልም።

ናኦሚ ኖቪክ ደግሞ በ2020 ባወጡት መጽሐፍ ነገሩን ገልብጠው አቀረቡት። በእርሳቸው ተማሪ ቤት መምህር የለም፤ ጭራቆች በየግድግዳው ተሸሽገው ተማሪዎችን ይበላሉ፤ ለመመረቅም በጭራቅ በተሞላ አዳራሽ ማለፍ ግድ ነው። እንግዲህ ወላጅ ልጁን ወደዚህ ለምን ይልካል ቢባል መጽሐፉ መልስ አለው፤ ጭራቆቹ አብዝተው የሚፈልጉት ገና ለጋ የሆኑትን አስማተኞች ነውና ከውጭ የሚቀሩት ልጆች ከውስጥ ካሉት ይልቅ ብዙ ይሞታሉ። ባለጠጎች ለልጆቻቸው ጥበቃና ባልንጀራ ያዘጋጃሉ፤ የድኾች ልጆች ግን በአደገኛው ስፍራ ይሰለፋሉ። ይህን ያነበበ ሰው ተማሪ ቤቱን ይጠላዋል፤ ታሪኩን ግን ያምነዋል። የወላጅ ፍርሃት ከታሪኩ አልጠፋም፤ እንዲያውም ግንቡ የተሠራው በእርሱ ነው።

አሁን ከባዱን ጥያቄ እንንካ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላል የእኛ አገር ተረት። በእነዚህ ታሪኮች ግን ልጅ ያቦካው ለራት መብቃት አለበት፤ አለዚያ ታሪክ የለም። መምህራኑ ሁሉ ብልሆችና ትጉሆች ቢሆኑ እባቡን እነርሱ ይገድሉት ነበር፤ ሃሪም ትምህርቱን እያጠና ይቀመጥ ነበር። ስለዚህ ደራሲ ትልልቆቹን ከመንገድ ዘወር ማድረግ አለበት፤ ይህም ነውር አይደለም። ነገር ግን የሚያርቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ትልልቆቹን ቸልተኞች ወይም ሞኞች ማድረግ ነው፤ ይህ ቀላል ነው፤ ዓለሙን ግን ያፈርሳል። ሁለተኛው ትልልቆቹ እየፈለጉ የማይችሉበትን ምክንያት መሥራት ነው፤ ሊታለሉ ይችላሉ፤ ሊታሰሩ ይችላሉ፤ እርስ በርሳቸው ሊከፋፈሉ ይችላሉ፤ ወይም እንደ ነመርል ደርሰው በመድረሳቸው ሊሞቱ ይችላሉ። ይህ ከባድ ነው፤ ነገር ግን የልጁን ጀግንነት ከፍ ያደርገዋል። ሰነፍ ጠባቂ ባለበት ቤት ጀግና መሆን ዕድል ነው፤ ትጉ ጠባቂ በወደቀበት ቤት ጀግና መሆን ግን ሙያ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል የሚል ቢኖር መልሳችን እንዲህ ነው። ትልቅ ሰው እነዚህን መጻሕፍት ሲያነብ ልጅነቱን ያስታውሳል፤ ልጅ ሲያነብ ግን ከትልልቅ ሰዎች ምን ሊጠብቅ እንደሚገባው ይማራል። ጭራቅ የለም ብለን ልጁን እናጽናናው ይሆናል፤ ታሪኩ ከነገረው ነገር ልቡ የሚይዘው ግን ጭራቁን አይደለም። ትልቅ ሰው በጎዳህ ጊዜ ደብቅ፣ ለማንም አትንገር፣ ብቻህን ተወጣው የሚል ትምህርት ከጀግንነት ጋር ተለውሶ ቢቀርብለት ይውጠዋል። እንዲሁም አንድ ትልቅ ሰው መጥቶ በእኔ ጥፋት ነው፤ አንተን መጠበቅ የእኔ ግዳጅ ነበር ሲል ካነበበ፣ ይህን ቃል ከትልልቅ ሰዎች መጠየቅ እንደሚቻል ያውቃል። ከተማሪ ቤት ታሪክ ደራሲ የምንጠይቀው አደጋውን እንዲያስቀር አይደለም፤ አደጋ የሌለበት ተረት ጨው የሌለው ወጥ ነው። የምንጠይቀው ለአደጋው መላሽ እንዲያኖርለት ነው።

በአማርኛም ለልጆች እንዲህ ያለ ድንቅ ታሪክ ለመጻፍ የሚያስብ ሰው ቢነሣ የእንግሊዞችን ግንብ መዋስ አያስፈልገውም። ከቤቱ ርቆ ትምህርት የሚፈልግ ልጅ በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ አለ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ ውሻ የሚከላከልበት በትር ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ የማያውቅ አንባቢ የለም። ረኀቡ፣ ብርዱ፣ ውሻው፣ የመንገዱ ርዝመት ከጭራቅ የማያንስ አደጋ ነው፤ የጐጆ ባልንጀራነቱና የመምህሩ ግርማም ከአስማት የማያንስ ድንቅ ነው። ነገር ግን ደራሲው ታሪኩን ሳይጀምር አንድ ጥያቄ ለራሱ ይመልስ፤ ጀምበር ጠልቃ ልጁ ወደ ጐጆው ባይመለስ፣ በትር ይዞ ሊፈልገው የሚወጣ ማን ነው? ይህን የመለሰ ደራሲ ዛፉ ይናገር፣ ወንዙም ወደ ላይ ይፍሰስ ቢል እናምነዋለን።

ስለ ሆግዋርትስም የመጨረሻ ፍርዳችን ይህ ነው። ተማሪ ቤቱ ልጅ የሚሰደድበት አይደለም፤ መጻሕፍቱ ግን ለልጅ ሊነበቡ የሚገባቸው ናቸው። ሲነበቡ ወላጅ ወይም መምህር አጠገብ ሆኖ፣ ይህን በር ማን ሊቈልፈው ይገባው ነበር፣ ይህንስ ልጅ ማን ሊጠይቀው ይገባው ነበር እያለ ከልጁ ጋር ቢነጋገር፣ ደራሲዋ የተዉት ክፍተት ራሱ ትምህርት ይሆናል። ሉፒን ሥራቸውን የለቀቁበትን ገጽ ግን ሳያነብቡ አይለፉ፤ በዚያ ገጽ አደራ ተቀባይ ራሱን ያለ ከሳሽ ይፈርዳልና።